ወይናችሁ ቅጠል ብቻ ለሆነባችሁ፦ ድሬዳዋ ላይ ግንድ ከማቆም እስከ ዘለላ

ይህን የምጽፈው ድሬዳዋና አካባቢዋ ላይ ወይን ተክለው፣ ውሃም ፍግም ሳይሰስቱለት፣ በምላሹ ቅጠል ብቻ ለሚያገኙ ሰዎች ነው። እኛም ቤት ለዓመታት እንዲሁ ነበር። አባቴ ሲያርፍ ከከተማው ወጣ ብሎ የውሃ ጉድጓድ ያለበት ትንሽ የአትክልት ቦታ ትቶልን ሄደ፤ ሎሚ፣ ዘይቱን፣ ጥቂት የማንጎ ዛፍ፣ መሃሉ ላይ ደግሞ አርባ ግድም የወይን ግንድ። ሎሚው ከራሱ አልፎ ለቤት ይተርፍ ነበር። ወይኑ ግን ከዓመት ዓመት እርስ በርሱ እየተጠላለፈ የተዘረጋበትን የሽቦ ዳስ አጎበጠው፤ ሥሩ ሲቆሙ ሰማይ አይታይም። ፍሬ ከተባለ ዳር ዳሩ ላይ ብቻ የሚንጠለጠል ጥቂት ዘለላ ነው፤ እሱም ግማሹ በስሎ ግማሹ ጥሬ፣ የበሰለውን ወፍ ቀድሞ የሚጨርሰው።

ወንድሜ «ነቅለን ሽንኩርት እንትከልበት፤ የፓምፑን ነዳጅ እንኳ አልመለሰም» ሲል የምመልስለት አልነበረኝም። ሒሳቡ የእሱ ትክክል ነበር። እናቴ ናት «አባታችሁ በእጁ ያቆመውን ገና ለቅሶው ሳይደርቅ አትንቀሉብኝ» ብላ ያስቆመችው። እንዲህ ሆኖ ወይኑ በእኔ እጅ ወደቀ። በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ስለ ወይን የማውቀው መብላቱን ነበር።

የመጀመሪያው ዓመት ነገሩን አባሰው። አጥርና የጥላ ዛፍ የሚከረክም ሰው በጥቅምት ቀጠርን። ትጉህ ሠራተኛ ነው፤ ዳሱን አራቆተው። እያንዳንዱን ቅርንጫፍ ሁለት ሁለት ዓይን ብቻ አስቀርቶ ቆረጠ፤ ወይን እንዲህ ነው የሚገረዘው ሲባል ሰምቶ ነበር። (ዓይን የምለው ከቅጠሉ ብብት ሥር ያለችውን ትንሽ እብጠት ነው፤ ከዚህ በኋላ ብዙ አነሳታለሁ።) ግንዱ ከየቁስሉ ውሃ ሲያንጠባጥብ ሰነበተ። በዚህ አትደንግጡ፤ ወይን ሲቆረጥ ያለቅሳል፣ በራሱ ጊዜም ይቆማል። ከዚያ በኃይል አቆጠቆጠ። ቅጠሉ ከቀድሞው የሰፋ፣ ሐረጉ ከቀድሞው የወፈረ። ዘለላ ግን ጭራሽ የለም። ወንድሜ ምንም አላለኝም፤ የሽንኩርት ዘር ዋጋ ሲጠይቅ ግን ሰማሁት።

ነገሩን የቀየረልኝ የሰፈራችን ሽማግሌ ነው። የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው፤ በወጣትነታቸው በአንድ ትልቅ ግቢ አትክልት ሲንከባከቡ ወይን ገርዘዋል። አንድ ቅዳሜ በባጃጅ ይዣቸው ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ሁሉንም አስቆርጬው ዘንድሮ አንዲት ዘለላ የለም» አልኳቸው።

ዳሱ ሥር ገብተው ቀና ብለው ብዙ ቆዩ። ከዚያ አንድ ለጋ ሐረግ ጎትተው፣ ሽቦ ፍለጋ የሚጠመጠመውን ቀጭን ጅማት በጣታቸው ያዙልኝ። «አቦ ልጄ፣ ዘለላሽ ይኸውና። ይኼ ዘለላ ሊሆን የነበረ ነው። ብርሃን ሲያጣ ጅማት ሆኖ ቀረ።» ቀጥለውም ሰውየው መቼ እንደቆረጠው ጠየቁኝ። ጥቅምት ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቁርጡ ልክ ነው፤ ወሩ ነው ልክ ያልሆነው። የሚያዝያን ሥራ በጥቅምት ሠራው።»

ከዚያ ወዲህ ያነበብኩትም፣ እየሠራሁ ያየሁትም ሁሉ እነዚህን የእሳቸውን ቃሎች የሚያብራራ ሆኖ ነው ያገኘሁት። እንዲህ ነው። ወይን የሚያፈራው አዲስ ባቆጠቆጠ ለጋ ቅርንጫፍ ላይ ነው፤ ያ ለጋ ደግሞ መውጣት ያለበት ባለፈው ወቅት አድጎ፣ ቡናማ ሆኖ ከጠነከረ እንጨት ዓይን ላይ ነው። ከአሮጌው ወፍራም ግንድ በቀጥታ የሚፈነዳው ሐረግ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነው። ቁም ነገሩ ግን ከዚህ ይቀጥላል፤ የሚቀጥለው መከር ዘለላ ዓይኗ ሳትፈነዳ፣ ከወራት በፊት፣ በውስጧ በጥቃቅኑ ተሠርቶ ይቀመጣል። ይህ የሚወሰነው ቅርንጫፉ ገና በማደግ ላይ እያለ፣ ግርዘቱ ካለፈ ከአንድ ወር ተኩል እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ገደማ ነው። በእነዚያ ሳምንታት ቅርንጫፉ ፀሐይ ካገኘ ዓይኑ ዘለላ ይይዛል። በጥላ ከዋለ ያው ዘለላ ሊሆን የተዘጋጀው አካል ጅማት ይሆናል፤ አንዳንዴም ዓይኑ እዚያው ውስጡ ይሞታል። አንድ የወይን ቅጠል ካረፈበት ብርሃን ከአሥር አንዱን እንኳ ወደ ታች አያሳልፍም። የእኛ ዳስ ላይ አራት አምስት ቅጠል ተደራርቦ ነበር፤ ከመሃል የነበረው ዓይን ሁሉ በጨለማ ያደገ ነው። ዳር ዳሩ ብቻ ያፈራ የነበረውም ለዚህ ነው።

ስለዚህ ዘንድሮ ዘለላ ከሌላችሁ ማዳበሪያ አትጨምሩ። ያለፈው ክረምት ዳሳችሁ ምን ያህል ጨልሞ እንደነበር አስታውሱ። በተለይ ዩሪያና ትኩስ ፍግ መጨመር ቅጠሉን አብዝቶ ጥላውን ያከብደዋል፤ መድኃኒት መስሎ በሽታውን ይመግባል።

ሁለተኛው ትልቅ ነገር የወሩ ጉዳይ ነው። ስለ ወይን የተጻፈው አብዛኛው ምክር ክረምቱ በረዶ ከሆነ አገር የመጣ ነው። እዚያ ወይኑ ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል፤ በተኛበት አንድ ጊዜ ይገርዙታል፤ በጸደይ ይነቃል። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ ወይን አይተኛም፤ ዓመቱን ሙሉ ቅጠል አለው። ካላስቆማችሁት ዓመቱን ሙሉ እያቆጠቆጠ፣ እያበበም፣ ጥሬና ብስሉን ደባልቆ ይቀጥላል። ስለዚህ የሚያስተኛውም የሚቀሰቅሰውም መቀሱ ነው። በሕንድ የማሃራሽትራ ክልል፣ ናሺክ አካባቢ ያሉ ገበሬዎች በሞቃት አገር ይህን ችግር የፈቱት በዓመት ሁለት ጊዜ በመግረዝ ነው፤ አንዱ በፈረንጆቹ አፕሪል፣ ሁለተኛው በኦክቶበር። ሽማግሌው «የሚያዝያ ሥራ፣ የጥቅምት ሥራ» ያሉኝ ይኸው ነው። ከእኛ ዝናብም ጋር ይስማማል፤ ፍሬው የሚያብበውና የሚበስለው ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ወቅት ይሆናል ማለት ነው።

የሚያዝያው ግርዘት ለእንጨት ነው። ፍሬው ተለቅሞ ካለቀ በኋላ ተክሉን ጥቂት ሳምንት አሳርፉት፤ ውሃ ቀንሱለት፤ ግን አታድርቁት። ከዚያ በመጋቢት መጨረሻ ወይም በሚያዝያ መጀመሪያ፣ ዝናብ በሌለበት ቀን፣ ያፈራውን ቅርንጫፍ ሁሉ ሁለት ዓይን ብቻ አስቀርታችሁ ቁረጡ። ዝናብ በሌለበት ቀን ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ግንድ የሚያደርቀው የሻጋታ ዘር በዝናብ ውሃ ተሸክሞ በእርጥብ ቁስል ይገባል። ሰማዩ ከጠቆረ ለነገ አቆዩት።

ከዚህ ግርዘት በኋላ የሚመጡት ሁለት ወራት የዓመቱ ዋና ሥራ ናቸው፤ ብዙ ሰው ችላ የሚላቸውም እነዚህን ነው፤ ምክንያቱም ዳሱ ላይ ለዓይን የሚማርክ ፍሬ የለም። ከየቦታው የሚፈነዳውን ለጋ፣ ስንዝር ሳይሞላ፣ ለስላሳ እንዳለ በእጃችሁ እየነቀላችሁ አሳሱት። እኔ በአንድ ካሬ ሜትር ዳስ ከአምስት ብዙም የበለጠ ቅርንጫፍ አላስቀርም። መጀመሪያ ስነቅል እጄ ይፈራ ነበር፤ ያን ሁሉ ጤነኛ ለጋ መጣል ጭካኔ ይመስላል። የሚቀረው ግን እያንዳንዱ የራሱን ሰማይ ያገኛል። ቀትር ላይ ዳሱ ሥር ገብታችሁ መሬቱን እዩ፤ የፀሐይ ነጠብጣብ በየቦታው ተበትኖ ካያችሁ ልክ ነው። መሬቱ ሙሉ በሙሉ ጥላ ከሆነ ገና አላሳሳችሁም። መሬቱ ሙሉ በሙሉ ፀሐይ ከሆነ ደግሞ አብዝታችኋል። መሣሪያ የማይፈልግ መለኪያ ይኸው ነው፤ ሌላ ነገር ሁሉ ብትረሱ ይህን ያዙልኝ።

የቀሩት ቅርንጫፎች እርስ በርስ ሳይነባበሩ በሽቦው ላይ ተዘርግተው ይታሰሩ። ማሰሪያችሁ ቃጫ ወይም የጨርቅ ቅዳጅ ይሁን፤ አንድ ጊዜ በሽቦው አንድ ጊዜ በቅርንጫፉ ዙሮ መሃሉ የሚሻገር አላላ ቋጠሮ። በቀጭን ሽቦ የታሰረ ግንድ ሲወፍር ሽቦው ሥጋው ውስጥ ይገባና ያንቀዋል፤ የአባቴ ግንዶች ላይ እንዲህ የተዋጡ ሽቦዎች አግኝተናል፤ ከላያቸው ያለው ክንድ፣ ማለትም ከግንዱ ግራና ቀኝ የሚዘረጋው ዋና ቅርንጫፍ፣ ደርቆ።

ሰኔ አጋማሽ ላይ ቅርንጫፉ መጠንከር ሲጀምር የእድገቱን ጫፍ ቀንጥቡት፤ ውሃውንም ቀነስ አድርጉ። ከዚያ የክረምቱ ዝናብ ሲገባ ሥራው አንድ ብቻ ነው፤ ቅጠሉን በጤና መስከረም ማድረስ። ቅጠሉ በበሽታ ቀድሞ ከረገፈ እንጨቱ ስንቅ ሳይቋጥር ይቀራል። ነጭ አመድ የተነሰነሰበት የሚመስለው ሻጋታ ሲታይ ድኝ ይረጫል፤ ግን የድሬ ሙቀት ከ32 ዲግሪ ሲያልፍ ድኝ ቅጠሉንም ፍሬውንም ያቃጥላል። ስለዚህ ማለዳ፣ ነፋስ ሳይነሳ፣ ቀኑ ቀዝቀዝ በሚልበት ሰሞን ይረጭ፤ አፍና አፍንጫችሁንም ሸፍኑ። አየር የሚተላለፍበት የሳሳ ዳስ ግን ድኙን ራሱን ከግማሽ በላይ አስቀርቶልኛል።

የጥቅምቱ ግርዘት ለፍሬ ነው። አሁን ያ ከሚያዝያ ጀምሮ በብርሃን ያደገው ቅርንጫፍ እርሳስ የሚያክል ወይም ትንሽ ወፈር ያለ፣ ቡናማ፣ ጠንካራ ሆኗል። ጥያቄው ከስንተኛው ዓይን ላይ እንቁረጠው ነው። ይህን ማንም ሰው ሳያይ ሊነግራችሁ አይችልም፤ እንደ ዝርያው ይለያያል። አንዳንድ ዝርያ ከሥር ካሉት ሁለትና ሦስት ዓይኖች ያፈራል። ሌላው፣ በተለይ ዘር አልባው ነጭ ወይን፣ ከሥር ያሉት ዓይኖቹ ባዶ ናቸው፤ ዘለላው ከአምስተኛው እስከ አሥረኛው መካከል ነው ያለው። እኛ የአባቴን ዝርያ ስም አናውቅም ነበር፤ አብዛኞቻችሁም የጎረቤት ቁራጭ ስለተከላችሁ አታውቁም። መላው ቀላል ነው። በሁለት ሦስት ግንዶች ላይ አንዳንዱን ቅርንጫፍ በሦስት ዓይን፣ አንዳንዱን በስድስት፣ አንዳንዱን በአሥር ቁረጡና ቀለም ያለው ክር እሰሩበት። ሲያቆጠቁጥ ዘለላ ይዞ የወጣው ስንተኛው ዓይን እንደሆነ ከሥር ጀምራችሁ ቁጠሩ፤ ደብተር ላይ ጻፉ። የእኛ ጥቁሩ ከአራተኛው ጀምሮ ያፈራል፤ ነጩ ከስድስተኛው በታች ምንም የለውም። ነጩን በሁለት ዓይን መቁረጥ መከሩን በሙሉ በመቀስ ጠርጎ መጣል ነበር።

እዚህ ላይ የቆላ ወይን አንድ አስቸጋሪ ጠባይ አለ፤ ረጅም አድርጋችሁ ስትቆርጡት ጫፉ ላይ ያሉት አንድ ሁለት ዓይኖች ብቻ ይፈነዱና የታችኞቹ ይተኛሉ። ለዚህ የሚቀባ ኬሚካል አለ፤ ሃይድሮጅን ሲያናማይድ ይባላል። ቆዳ የሚያቃጥል መርዝ ነው፤ የነካው ሰው በዚያው ሰሞን አልኮል ከጠጣ ለከባድ አደጋ ይጋለጣል። ልጆች በሚሯሯጡበት የቤተሰብ አትክልት ቦታ እኔ አላስገባውም። ያለ እሱ የሠራልኝ ይህ ነው፦ ከግርዘቱ ሁለት ሳምንት ገደማ በፊት ውሃ መቀነስ፤ ከቀናት በፊት ቅጠሉን በእጅ ማራገፍ፤ ከቆረጡ በኋላ ቅርንጫፉን ቀጥ ብሎ እንዳይቆም አጎንብሶ እንደ ቀስት ሽቦው ላይ ማሰር። ጫፉ ሲጎነበስ ኃይሉ ወደ መሃል ይከፋፈላል። የተፈጨ ነጭ ሽንኩርት የተቆረጠው ጫፍ ላይ መቀባትም በጃፓን ጥናት የተደረገበት ነው፤ ሞክሬው ከሌሎቹ ጋር ሲሆን ሲረዳ አይቻለሁ።

ከግርዘቱ በኋላ አራት ወር ገደማ ነው መከሩ። በዚህ ጊዜ በየለጋው አንድ፣ ጠንካራ ከሆነ ቢበዛ ሁለት ዘለላ ብቻ አስቀሩ። አንድ ዘለላ ተንከባክቦ ለማጣፈጥ ከደርዘን የበለጠ ጤነኛ ቅጠል ያስፈልጋል፤ ሦስት ዘለላ የተሸከመ ለጋ ሦስቱንም ኮምጣጣ ያደርጋቸዋል። ከዘለላው ዙሪያ ቅጠል ስታነሱ ደግሞ በጠዋቱ ፀሐይ በኩል ብቻ አንሱ። ከሰዓት በኋላ ያለው የድሬ ፀሐይ ፍሬውን ያበስለዋል ማለት ሳይሆን ይቀቅለዋል፤ ቡናማ ሆኖ ይጨማደዳል። እዚህ ከቆመ አጥር ይልቅ ዳስ የሚሻለውም ለዚሁ ነው፤ ቅጠሉ ከላይ ጃንጥላ ሆኖ ዘለላው ከሥሩ በነፋስ ይንጠለጠላል። ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ስለሆነች ፀሐዩ ያን ያህል አይጎዳም፤ የደንገጎን ዳገት ስትወጡ አየሩ እንደሚለወጥ ሁሉ ወይኑም ይለወጣል፤ እዚያ ብስለቱ ይዘገያል፣ ሻጋታው ይበረታል፣ ስለዚህ ዳሱ ከእኛም የበለጠ መሳሳት አለበት።

አዲስ ለምትተክሉ ደግሞ ከአባቴ ዳስ የተማርኩትን ልንገራችሁ። መጀመሪያ የሚሠራው ግንድ ነው፤ ፍሬ አይደለም። በመጀመሪያው ዓመት ከተተከለው ቁራጭ የሚወጡትን አቆይታችሁ ጠንካራውን አንዱን ብቻ ምረጡ፤ ሌላውን ንቀሉ። የመረጣችሁትን ችካል ላይ እያሰራችሁ ቀጥ አድርጋችሁ አሳድጉት፤ ከጎኑ የሚወጣውን እየቀነጠባችሁ። ሽቦው ጋር ለመድረስ አንድ ስንዝር ሲቀረው ጫፉን ቀንጥቡ። ከዚያ ከተቀነጠበው ጫፍ ዝቅ ብለው ከሚወጡት ሁለቱን ግራና ቀኝ ምሩ፤ እነዚህ ክንዶቹ ናቸው፤ ዕድሜ ልክ አብረውት ይኖራሉ። ክንዱን ግን ዝም ብላችሁ ሜትር ሙሉ እንዲሮጥ አትተዉት። ሰባት ቅጠል ገደማ ሲያወጣ ጫፉን ቀንጥቡ፤ ከየቅጠሉ ሥር ቅርንጫፍ ይወጣል፤ ጫፉ ላይ የወጣው ክንዱን ይቀጥል፤ እንደገና ሰባት፣ እንደገና ቅንጠባ። እንዲህ የተሠራ ክንድ ከሥሩ እስከ ጫፉ በየስንዝሩ ቅርንጫፍ አለው። በአንድ ትንፋሽ የሮጠ ክንድ ግን መሃሉ ራቁቱን ይቀራል፤ ያን ራቁት ቦታ በኋላ መሙላት በጣም ከባድ ነው። የአባቴ ግንዶች አብዛኞቹ እንደዚያ ነበሩ።

በዚህ ሰሞን ተክሉ አንድ ሁለት ዘለላ ሊያሳያችሁ ይችላል። አንሱት። ልጆች ያዝናሉ፤ እናቴም አዝናለች። ግን ገና ክንዱን ያልጨረሰ ተክል ፍሬ ከተሸከመ እድገቱ ይቆማል፤ ዓመት ወደኋላ ትመለሳላችሁ።

ያረጀ፣ የተጠማዘዘ ግንድ ላላችሁም መንቀል ግዴታ አይደለም። ከመሬት ጠጋ ብሎ ከሚወጣው ለጋ አንዱን ምረጡና እንደ አዲስ ተክል ችካል ላይ አሳድጉት፤ አሮጌው ራሱ እያፈራ እንዲጠብቀው ተዉት። አዲሱ ሽቦው ላይ ደርሶ ክንድ ሲሠራ፣ ያኔ አሮጌውን በመጋዝ አስወግዱ። ሥሩ ጥልቅ ስለሆነ አዲሱ ግንድ ከችግኝ በጣም ፈጥኖ ይደርሳል። ወፍራም ግንድ ስትቆርጡ ከዋናው አካል ጋር አስተካክላችሁ አትቁረጡ፤ ጥቂት ጉቶ አስቀሩ፤ ቁስሉ ወደ ውስጥ ሲደርቅ ጉቶው ላይ ያበቃል። ከታመመ ግንድ ወደ ጤነኛው ስትሄዱም መቀሱን በአልኮል ጥረጉ። እኛ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂቱን እያልን ነው ያደስነው፤ ሁሉንም በአንዴ ብናደርገው ኖሮ ወንድሜ አይታገሰንም ነበር።

ዳሱ ራሱ ትልቁ ወጪ ነው። የባሕር ዛፍ ምሰሶ ብቻውን እዚህ አይዘልቅም፤ ምስጥ ከመሬት በታች ያለውን በልቶ አንድ ቀን ነፋስ ሲነሳ ዳሱ ከነወይኑ ይተኛል። አቅም ካላችሁ ብረት ወይም የሲሚንቶ ምሰሶ፤ ካልሆነ የእንጨቱን መሬት ውስጥ የሚቀበር ክፍል የተቃጠለ የሞተር ዘይት አጠጥታችሁ ትከሉት። ቁመቱ ሁለት ሜትር ገደማ ይሁን፤ ቀና ብላችሁ በምቾት የማትደርሱበትን ዳስ አትገርዙትም። በግንድና በግንድ መካከል ሁለት ሜትር ያህል፣ በመስመርና በመስመር መካከል ሦስት ሜትር ይበቃል። አባቴ ቦታ ላለማባከን አጠጋግቶ ተክሎ ነበር፤ ከመሃል አንዳንዱን ስናነሳ የቀረው የበለጠ አፈራ።

ስለ ውሃ አጭር ነገር ልበል። የድሬ የጉድጓድ ውሃ ጨውና ኖራ ይበዛዋል፤ ማሰሮና ጀበና የምታጥቡ ታውቁታላችሁ። ወይን ለጨው ስስ ነው፤ የቅጠሉ ዳር ዙሪያውን ሲቃጠል ካያችሁ በሽታ ነው ብላችሁ መድኃኒት ከመግዛታችሁ በፊት ውሃውን ጠርጥሩ። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከማርከፍከፍ፣ በየጥቂት ቀኑ ጠለቅ አድርጎ ማጠጣት ጨውን ከሥሩ ወደ ታች ያወርደዋል። ቅጠሉ ላይ አታፍስሱ።

ለቀማው ላይ አትቸኩሉ። ወይን እንደ ሙዝና ማንጎ ተቆርጦ አይበስልም፤ ስትቆርጡት የነበረው ጣዕም የመጨረሻው ነው። ቀለም ደግሞ ያታልላል፤ ጥቁሩ ከመጣፈጡ ሳምንታት በፊት ይጠቁራል። ከዘለላው ጫፍ፣ ከታች ካለችው ፍሬ ቅመሱ፤ መጨረሻ የምትበስለው እሷ ናት። እሷ ከጣፈጠች ሁሉም ጣፍጧል። በዚያ መሃል ወፍና ተርብ ቀድሟችሁ እንዳይገባ ዘለላውን በወረቀት ከረጢት ሸፍኑት፤ ላስቲክ አይሆንም፣ ውስጡ ያልበዋል። ማለዳ ልቀሙ፣ በጥልቅ ዘንቢል አትከምሩ፣ ፍሬው ላይ ያለውን ነጭ ብናኝ አትጥረጉ። ቀፊራ ገበያ ላይ አሁን ዘለላችንን የሚወስዱት ሴቶች መጀመሪያ የሚያዩት ያንን ብናኝ ነው፤ ያለው ትኩስ ነው፣ የሌለው ብዙ እጅ የነካው ነው ይላሉ።

ወንድሜ ሽንኩርቱን ከሎሚው ባሻገር ባለው ባዶ መሬት ተክሎታል፤ ከወይኑ ጋር ውሃ ይጋራሉ፣ የፓምፑንም ወጪ አሁን ሁለቱ ይከፍላሉ።

ከጎረቤት ቁራጭ ወስዳችሁ ልትጀምሩ ያሰባችሁ፣ የጥቅምቱን ግርዘት ጠብቁ፤ ያኔ እንጨቱ በስሏል። ከየትኛው ግንድ እንደምትወስዱ ግን ፍሬው ባለበት ጊዜ፣ የካቲት ላይ፣ ቀድማችሁ ሄዳችሁ ምረጡና ክር እሰሩበት፤ ቅጠል እያዩ መምረጥ ዋጋ የለውም። እርሳስ የሚያክል፣ ፀሐይ ላይ ያደገ፣ አንጓው ከአንጓ ያልተራራቀ ቅርንጫፍ ሦስት ወይም አራት ዓይን አድርጋችሁ ቁረጡ። የታችኛውን ጫፍ ከዓይኑ ሥር ቀጥ አድርጋችሁ፣ የላይኛውን አዘንብላችሁ፤ ተገልብጦ የተተከለ ቁራጭ ስለማይበቅል የቱ ላይ የቱ ታች እንደሆነ በኋላ እንዳይጠፋችሁ ነው። ከቆረጣችሁ በኋላ ፀሐይ ላይ አታቆዩት፤ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልላችሁ በዚያው ቀን፣ አንድ ዓይን ብቻ ከአፈር በላይ አስቀርታችሁ ትከሉት።